ስኳር ያለበት ወንድ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ለቀጠሮው ጤና ጣቢያ ሲቀርብ ክብደቱ ይመዘናል፣ የደም ግፊቱ ይለካል፣ ጣቱ ተወግቶ የስኳሩ መጠን ይታያል። ባለሙያው ጊዜ ካገኘ እግሩን ያይለታል፤ ዓይኑንም እንዲመረመር ይነግረዋል። ከዚያ መድኃኒቱ ይጻፍለትና የሚቀጥለው ቀጠሮ ካርዱ ላይ ሰፍሮ ይሰናበታል። በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳይነሳ ይቀራል። ከባለቤቱ ጋር ያለው የግብረ ሥጋ ግንኙነት እንዴት እንደሆነ የሚጠይቀው የለም፤ እሱም ደፍሮ አያነሳም። ሁለቱም ዝም ብለው ይለያያሉ፤ ዝምታውም እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። እኔ ግን ይህ ዝምታ ትዳርን ብቻ ሳይሆን ሕይወትንም እየጎዳ ነው ብዬ አምናለሁ። ስኳር ባለበት ወንድ ላይ የሚከሰት ስንፈተ ወሲብ የደም ስርና የነርቭ ጉዳት ምልክት ነው። አንዳንዴም የልብ ሕመም ከመምጣቱ በፊት የሚደርስ ማስጠንቀቂያ ይሆናል። ስለዚህ እንደ እግሩና እንደ ዓይኑ ሁሉ ይህም በእያንዳንዱ ወንድ ታካሚ ካርድ ላይ ቦታ ሊኖረው ይገባል፤ ጥያቄውን የማንሳት ኃላፊነትም በቅድሚያ የጤና ባለሙያው ነው።

ጉዳዩ አዲስ አበባን ለከበቡት ከተሞች ቅርብ ነው። ከመዲናዋ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚወጣው መንገድ ዓለም ገና ላይ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ወደ ጅማ፣ ሌላው ወደ ቡታጅራና ሆሳዕና ይሄዳል። ቡራዩ በአምቦ መውጫ፣ ሱሉልታ በጎጃም መውጫ ላይ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚል አንድ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ከተሞች በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ መልካቸው ተለውጧል። ትናንት ከበሬው ኋላ ሲመላለስ ይውል የነበረው ገበሬ ልጅ ዛሬ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል፣ ከባድ መኪና ይነዳል፣ ወይም መጋዘን ደጃፍ ላይ ሌሊቱን ተቀምጦ ይጠብቃል። እንቅስቃሴ ሲቀንስ፣ እንቅልፍ ሲዛባ፣ ለስላሳ መጠጥና ቢራ ከየሱቁ ሲገኝ ስኳርና የደም ግፊት ይከተላሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ጥናት ከመቶ አዋቂዎች ወደ 6 በሚጠጉት ላይ ከፍ ያለ የደም ስኳር፣ ወደ 16 በሚጠጉት ላይ ደግሞ የደም ግፊት አግኝቷል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ ስኳር ያለባቸው አዋቂዎች 1.9 ሚሊዮን ገደማ ሲሆኑ፣ በአፍሪካ ቀጣና ሕመሙ ካለባቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መታመማቸውን አያውቁም።

ከእነዚህ መካከል ስንፈተ ወሲብ የሚያጋጥማቸው ወንዶች ስንት ናቸው? በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሪፈራል ሆስፒታል የስኳር ክሊኒክ ክትትል በሚያደርጉ ወንዶች ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 ተካሂዶ በ2018 የታተመው ጥናት ከመቶ 85.5 የሚሆኑት የተለያየ ደረጃ ያለው ችግር እንዳለባቸው አሳይቷል። በትግራይ ማዕከላዊና ሰሜን ምዕራብ ዞኖች በሚገኙ ሆስፒታሎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ጥናት ደግሞ ቁጥሩን ከመቶ 69.9 ላይ አስቀምጦታል። በየአገሩ የተሠሩ የአፍሪካ ጥናቶች ተደምረው ሲሰሉ ውጤቱ ከመቶ 71 ገደማ ይሆናል። ከ88 ሺህ በላይ ወንዶችን ያካተቱ 145 ጥናቶችን አንድ ላይ ያጠናቀረው ዓለም አቀፍ ትንተና ከመቶ 52.5 አግኝቶ፣ ስኳር ካለባቸው ወንዶች መካከል ችግሩ የመከሰት ዕድሉ ከጤነኞቹ ከሦስት እጥፍ ተኩል በላይ መሆኑን አሳይቷል። እነዚህን ቁጥሮች በጥንቃቄ ማንበብ ተገቢ ነው። የአገራችን ጥናቶች የተሠሩት ሆስፒታል ድረስ በመጡ ታካሚዎች ላይ ነው፤ ሆስፒታል የሚደርሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሕመሙ የቆየበትና የጠናበት ሰው ነው። ከዚህም ሌላ ቀላል የሚባለው ችግር ከከባዱ ጋር ተደምሯል፤ በትግራዩ ጥናት ከባድ ደረጃ ላይ የደረሱት ከመቶ 5.2 ብቻ ናቸው። ይሁንና ከእነዚህ ቁጥሮች ዝቅተኛውን ብንወስድ እንኳ በአንድ የስኳር ክሊኒክ ወረፋ ከሚጠብቁት ወንዶች ግማሽ ያህሉ አንድ ዓይነት ጭንቀት ይዘው፣ እያንዳንዳቸው ግን በእኔ ብቻ የደረሰ ነው ብለው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል ማለት ነው።

ስኳር ይህን የሚያደርገው እንዴት እንደሆነ ማወቅ ሀፍረቱን ለማቅለል ይረዳል። ወሲባዊ ስሜት ሲቀሰቀስ አንጎል በነርቮች በኩል ወደ ብልት መልእክት ይልካል። የነርቭ ጫፎችና የደም ስር ውስጠኛ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ያመነጫሉ። ይህ ጋዝ የደም ስሮቹን ጡንቻ ያላላዋል፤ ደም በብዛት ይገባል፤ የገባውም ደም መልሶ የሚወጣባቸው ስሮች ተጨምቀው ስለሚዘጉ ብልት ይቆማል። ናይትሪክ ኦክሳይድ በደም ስሮች ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ያረጋገጡት ሦስቱ አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች፣ ፈርችጎት፣ ኢግናሮና ሙራድ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 በሕክምና ዘርፍ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ የደም ስኳር ይህን ሰንሰለት በየቦታው ይበጥሰዋል። የደም ስሩን ሽፋን ስለሚጎዳ ጋዙ በበቂ መጠን አይመረትም። እግርን የሚያደነዝዘው የነርቭ ጉዳት እዚህም ደርሶ መልእክቱን ያዳክማል። የቴስቶስትሮን ሆርሞን መጠንም በብዙዎች ላይ ይቀንሳል። የደም ግፊት፣ ኮሌስትሮል፣ ሲጋራና ውፍረት ሲጨመሩበት ጉዳቱ ይፈጥናል። እንግዲህ ሰውየው ፍቅሩም ፍላጎቱም እያለው አካሉ ላይታዘዝለት ይችላል። ይህ የዘመናዊ ኑሮ ፈጠራ አይደለም፤ ከሺህ ዓመት በፊት የኖረው ሐኪሙ ኢብን ሲና የስኳር ሕመምን ሲገልጽ የወሲብ አቅም መዳከምን ከምልክቶቹ አንዱ አድርጎ መዝግቧል።

ነገሩን ከመኝታ ቤት አውጥቶ ወደ ሕይወትና ሞት ጉዳይ የሚያሸጋግረው ግን ከልብ ጋር ያለው ዝምድና ነው። ለብልት ደም የሚያደርሱት ስሮች ስፋታቸው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለልብ ደም የሚያደርሱት ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። አንድ ዓይነት ደለል በሁለት ቱቦዎች ውስጥ ቢከማች ቀድሞ የሚደፈነው ቀጭኑ ነው። ተመራማሪዎችም ስንፈተ ወሲብ ከልብ ሕመም ምልክቶች ከ2 እስከ 5 ዓመት ቀድሞ ሊታይ እንደሚችል ደርሰውበታል። በጣሊያን ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ ጥናት ስኳር ያለባቸውን ሁለት ቡድኖች አነጻጽሯል። አንደኞቹ ምንም ሕመም ሳይሰማቸው የልብ ደም ስራቸው የጠበበ ሲሆኑ፣ ሌሎቹ እንዲህ ያለ ጥበት የሌለባቸው ነበሩ። ከመጀመሪያዎቹ መካከል ስንፈተ ወሲብ የነበረባቸው ከመቶ 33.8፣ ከሁለተኞቹ ደግሞ ከመቶ 4.7 ብቻ ሆነው ተገኙ። ስኳር ባለበት ሰው ላይ የልብ ሕመም ያለ ደረት ውጋት ተደብቆ ሊሄድ ስለሚችል ይህ ልዩነት ትልቅ ትርጉም አለው። በሆንግ ኮንግም ከ2,300 በላይ ስኳር ያለባቸው ወንዶች ለዓመታት ተከታትለው ሲታዩ፣ ስንፈተ ወሲብ የነበረባቸው ከሌሎቹ ይልቅ ለልብ ሕመም ተጋላጭ ሆነው ተገኝተዋል። የልብ ምርመራ መሣሪያ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር፣ በአንድ ጥያቄ ብቻ የሚገኝ ማስጠንቀቂያ በዝምታ ሊባክን አይገባም። ችግሩ የተሰማው ሰው ሁሉ የልብ ሕመም ይይዘዋል ማለት ግን አይደለም። ግፊቱ፣ ኮሌስትሮሉና የሲጋራ ልማዱ በጥብቅ ሊታይለት ይገባል፤ ስኳሩን ተመርምሮ የማያውቅም ከሆነ ዛሬውኑ ሊመረመር ይገባል ማለት ነው።

ዝምታው በመጀመሪያ የሚያስከፍለው ዋጋ የመድኃኒት መቋረጥ ነው። ችግሩ ሲጀምረው የሚያስረዳው ያላገኘ ታካሚ የራሱን ምክንያት ይፈልጋል። ጊዜውን ወደ ኋላ ቆጥሮ ሲያስብ መድኃኒት ከጀመረ በኋላ የመጣ ስለሚመስለው፣ ወንድነቴን የወሰደብኝ ኢንሱሊኑ ነው፣ ክኒኑ ነው ብሎ ይደመድማል። ኢንሱሊንና ሜትፎርሚን ግን ስንፈተ ወሲብ በማምጣት የሚታወቁ መድኃኒቶች አይደሉም፤ ጉዳቱን የሚያደርሰው ሳይቆጣጠሩት የቀረ ስኳር ነው። ስለዚህ መድኃኒቱን የጣለ ሰው የሚሸሸውን ነገር እያፋጠነው ነው። በግፊት መድኃኒቶች በኩል ያለው እውነት ትንሽ ይለያል። እንደ አቴኖሎልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያሉ ነባር መድኃኒቶች በአንዳንድ ሰዎች ላይ ችግሩን ሊያመጡ ይችላሉ። ነገር ግን ፍርሃቱ ራሱ ትልቅ ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት ለ96 የልብና የግፊት ታካሚዎች አቴኖሎል ተሰጥቷቸው ነበር። ምን እንደሚወስዱ ካልተነገራቸው መካከል ችግሩ የገጠማቸው ከመቶ 3.1 ሲሆኑ፣ የመድኃኒቱን ስም ካወቁት ከመቶ 15.6፣ ስሙንም የጎንዮሽ ጉዳቱንም ከተነገራቸው ደግሞ ከመቶ 31.2 ነበሩ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ከታካሚው እንደብቅ የሚል አይደለም፤ ታካሚው ጥርጣሬውን የሚያወራበት ሰው ከሌለው ጥርጣሬው ብቻውን ሕመም እንደሚሆን ነው። ተጠርጣሪው የግፊት መድኃኒት ከሆነ ሐኪሙ በሌላ ሊለውጥለት ይችላል። ያንን የሚያደርገው ግን ከተነገረው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ዋጋ በድብቅ የሚገዛው መድኃኒት ነው። ቪያግራ በሚል ስም የታወቀው ሲልደናፊል እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1998 በአሜሪካ ከተፈቀደ ወዲህ ዓለምን አዳርሷል። በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ መድኃኒት ቢሆንም ያለ ምርመራና ያለ ምክር የሚገዛው ሰው ብዙ ነው። ስኳር ላለበት ሰው ይህ ከሌላው የበለጠ አደገኛ ነው። ለደረት ውጋት የሚሰጡት ናይትሬት የተባሉ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ናይትሮግሊሰሪንና አይሶሶርባይድ፣ ከሲልደናፊል ጋር ሲገናኙ የደም ግፊትን በድንገት አውርደው ሊገድሉ ይችላሉ። ለፕሮስቴት የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችም ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ተፈጥሯዊ ነው እየተባለ በእሽግ የሚሸጠው የማር ቅምም እንደ ስሙ ንጹሕ ላይሆን ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2022 በማር ምርቶች ውስጥ ሲልደናፊልና ታዳላፊል ተደብቀው እንዳገኘ ገልጾ ሻጮቹን አስጠንቅቋል። እንዲህ ያለውን ነገር የሚገዛ ሰው ምን እንደዋጠ አያውቅም፤ ስኳሩን በማር ከፍ ማድረጉም ሌላ ጉዳት ነው። ለሐኪሙ ለመናገር ያፈረ ሰው ለማያውቀው ነጋዴ መናገሩ የሚያሳዝን ነገር ነው፤ ነጋዴው ግን የልብ መድኃኒት ይወስድ እንደሆነ አይጠይቀውም።

ሦስተኛው ዋጋ የሚከፈለው ቤት ውስጥ ነው። ባል ውድቀቱን ላለማየት መኝታውን ይለያል፣ አምሽቶ ይገባል፣ ይቆጣል። ሚስት ደግሞ ምክንያቱን ስላልተነገራት ሌላ ሴት ይዟል ወይም ጠልቶኛል ብላ ታስባለች። ልጅ ያልወለዱ ከሆኑ ጥፋቱ በእሷ ላይ ይላከካል። አንዳንዱ ድፍረት ፍለጋ ወደ አረቄና ወደ ጫት ይሄዳል፤ መጠጥ ግን ነርቭን የበለጠ ያደክማል፣ ስኳርንም ያዛባል። ስጋትና ድብርት ሲጨመሩ ከደም ስር የጀመረው ችግር የአእምሮም ይሆናል፤ አንዴ ያልሆነለት ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ገና ሳይጀምር ይፈራል። የሽማግሌ ዕርቅ ይህን ጠብ ሊያበርደው የማይችለው ሽማግሌዎቹ የተነገራቸው ምክንያት እውነተኛው ስላልሆነ ነው። ባልና ሚስት አብረው ቀርበው ይህ የስኳሩ ጉዳት ነው ብሎ የሚነግራቸው ባለሙያ ቢያገኙ፣ መድኃኒት ከመጻፉ በፊት ግማሹ ሸክም ይቃለል ነበር።

የጊዜ ነገር ነው፣ ዕድሜ ሲገፋ የማይቀር ነው የሚሉ አሉ። አባባላቸው ውስጥ እውነት አለ። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመው ታዋቂ ጥናት ከ40 እስከ 70 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ወንዶች ከመቶ 52 በሚሆኑት ላይ የተለያየ ደረጃ ያለው ችግር አግኝቷል። ነገር ግን ያው ጥናት ዕድሜን አመጣጥኖ ሲያሰላ፣ ሙሉ በሙሉ አቅም ማጣት በጠቅላላው ሕዝብ ላይ ከመቶ 9.6 ሲሆን ስኳር ካለባቸው መካከል ወደ 28 ከፍ ይላል። ልዩነቱን ያመጣው ዕድሜ አይደለም። ደግሞም ዓይንም በዕድሜ ይደክማል፤ ስለዚህ ስኳር ያለበት ሰው ዓይኑን አይመርመር የሚል የለም። በዕድሜ የተመካኘ ምልክት ሳይታይ የሚቀር ምልክት ነው፤ በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ ላለ የፋብሪካ ሠራተኛ ወይም ሹፌር ደግሞ ምክንያቱ ከነጭራሹ አይሠራም።

ከዚህ የሚጠነክረው ተቃውሞ ከራሳቸው ከጤና ባለሙያዎች የሚመጣ ነው። ኢንሱሊን በሚጠፋበት፣ እግሩ የሚቆረጥና ኩላሊቱ የሚደክም ሰው በሞላበት፣ አንድ ነርስ በአንድ ጠዋት ብዙ ታካሚ በምታይበት ጤና ጣቢያ ስለ ወሲብ ማውራት ቅንጦት አይሆንም ወይ ይላሉ። ስለ ጫናው እውነታቸውን ነው። ይሁን እንጂ ጥያቄው የሚወስደው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፤ መሣሪያም ሆነ ኬሚካል አይፈልግም። በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት መጠይቅ እንኳ አምስት ጥያቄ ብቻ ያለው ሲሆን ከ25 ነጥብ 21 ወይም ከዚያ በታች ያገኘ ሰው ችግሩ እንዳለበት ይነገረዋል። በጥያቄው የሚገኘው ጥቅም ደግሞ እነሱ ትልቅ ነው ላሉት ነገር የሚውል ነው። የኩላሊት፣ የእግርና የልብ ጉዳት የሚመጣው ከዚያው ከደም ስርና ከነርቭ ነው፤ መድኃኒቱን በዝምታ የሚያቋርጠውንም ሰው የሚያገኙት በዚሁ ጥያቄ ነው። ስለ እግሩ መቆረጥ ሲነገረው የማይደነግጥ ወንድ ስለዚህ ጉዳይ ሲነገረው ስኳሩን ለመቆጣጠር ሊነሳሳ ይችላል። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር መመሪያም ሐኪሞች ወንድ ታካሚዎቻቸውን ስለዚህ ጉዳይ እንዲጠይቁ ይመክራል፤ ምክሩ ለሀብታም አገር ብቻ የሚሆን ምንም ነገር የለበትም።

ባህላችን ይህን በአደባባይ አይፈቅድም የሚለው ተቃውሞም ቀላል አይደለም። በተለይ እንደ ዓለም ገና ባለ ከተማ ነርሷ የጎረቤት ልጅ፣ ካርድ ክፍል ያለው ሰው የዕድር አባል ሊሆን ይችላል። በጎልማሳ ወንድና በወጣት ሴት ባለሙያ መካከል ደግሞ ቃሉ ራሱ ይከብዳል። ሆኖም የኢትዮጵያ ጤና አገልግሎት ከዚህ የከበደ ዝምታ ሰብሮ ያውቃል። ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ኮንዶም ማውራት ነውር በነበረበት ዘመን በየጤና ጣቢያው የምክር ክፍል ተከፍቶ ሰው በሩ ተዘግቶ፣ ምስጢሩ ተጠብቆ ተጠይቋል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የቤተሰብ ምጣኔን ጓዳ ድረስ አስገብቷል። ጸበልና መድኃኒት ተጻራሪ ናቸው ተብሎ ሰው ሲቸገር፣ የወቅቱ ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤች አይ ቪ ታካሚዎች ጸበሉን ከመድኃኒታቸው ጋር መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል፤ ይኸው ምክር ለስኳር ታካሚም ይሠራል። ልምዱ ካለ የቀረው ለዚህ ጉዳይ መጠቀሙ ነው። ባለሙያው በሩን ዘግቶ፣ በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ፣ ‹‹ስኳር ያለባቸው ብዙ ወንዶች የግንኙነት ችግር ያጋጥማቸዋል፤ ሕክምናም አለው። እርስዎስ እንዴት ነዎት?›› ቢል ነውር የለበትም። ጥያቄው ለሁሉም ወንድ የሚቀርብ ከሆነ ማንም ተለይቶ ተጠረጠርኩ አይልም። ሴት ባለሙያ ለመጠየቅ ከከበዳት ወንድ ባልደረባዋ ይጠይቅ፤ ታካሚው ሰፈሩ ውስጥ ካፈረም አዲስ አበባ ወዳሉት አለርትና ጳውሎስ ሆስፒታሎች እንዲላክ ምርጫ ይሰጠው።

ጠይቀን ምን ልንሰጠው ነው ለሚሉም መልስ አለ። ሕክምናው ተስፋ እንጂ ተአምር አይሰጥም፤ ይህም በግልጽ ሊነገር ይገባል። ስኳር ባለባቸው 268 ወንዶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ጥናት ሲልደናፊል ከወሰዱት ከመቶ 56 የሚሆኑት መሻሻል አሳይተዋል፤ መድኃኒት አልባ ክኒን ከወሰዱት ግን ከመቶ 10 ብቻ ነበሩ። ብዙዎች አንዴ ሞክረው አልሠራም ብለው የሚተዉት አወሳሰዱ ስላልተነገራቸው ነው። ሲልደናፊል ከግንኙነት አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ የሚወሰድ ሲሆን ቅባት የበዛበት ምግብ ያዘገየዋል፤ ፍላጎትና መነቃቃት ከሌለም ብቻውን አይሠራም። የቆመው ብልት ከአራት ሰዓት በላይ ካልወረደ ወይም ዓይን በድንገት ማየት ካቆመ በፍጥነት ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ክኒኑ ላልሠራለት ሰው ቴስቶስትሮኑን መመርመር፣ የቫኪዩም መሣሪያና መርፌ ተጨማሪ አማራጮች ናቸው። መድኃኒት ለመግዛት አቅም ለሌለውም መንገዱ አልተዘጋም። ስኳር ባይኖርባቸውም ውፍረትና ስንፈተ ወሲብ በነበረባቸው 110 ጣሊያናውያን ላይ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ክብደት በመቀነስና በእንቅስቃሴ ብቻ ከሦስት አንዱ ያህል አቅሙን እንዳገኘ አሳይቷል። በአይነት 1 ስኳር ላይ የተደረገ የረጅም ጊዜ ክትትል ደግሞ ጥናቱ ሲጀመር ስኳሩ ጉዳት ማድረስ ከጀመረባቸው ወንዶች መካከል ስኳራቸው በጥብቅ ከተያዘላቸው ችግሩ የታየው በመቶ 12.8፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት ግን በመቶ 30.8 ላይ መሆኑን አረጋግጧል። ስኳርን ቀድሞ መያዝ ወንድነትንም መጠበቅ ነው ማለት በማስረጃ የቆመ ቃል ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ጥፋቱ የታካሚው ብቻ ይመስላል። ሳይጠይቅ የሚያሰናብት ክሊኒክም አብሮ ደብቋል። መፍትሔው አዲስ ሕንፃ ወይም አዲስ ማሽን አይጠይቅም። የከተሞቹ ጤና ጽሕፈት ቤቶች በስኳር ክትትል ካርድ ላይ ከእግርና ከዓይን ምርመራ ቀጥሎ አንዲት መስመር ይጨምሩ፤ ጥያቄው በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ወንድ ይቅረብ፤ አዎ ያለው ሰው ግፊቱ፣ ኮሌስትሮሉና የልቡ ሁኔታ ይታይለት፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶችም ይገምገሙ። የፋርማሲ ባለሙያው ሲልደናፊል ከመሸጡ በፊት የሐኪም ትእዛዝ ይይ፣ የልብ መድኃኒት ይወስድ እንደሆነም ይጠይቅ። ሚስት ከመጠርጠሯ በፊት ስኳሩን ታስብ፤ ባልም ለእሷ ለመናገር ይበርታ። ባለሙያው እስኪጠይቅ ድረስ ደግሞ ታካሚው መጠበቅ የለበትም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ካርዱ ከመዘጋቱ በፊት ‹‹ከባለቤቴ ጋር ያለኝ ግንኙነት ተቸግሯል፤ ከስኳሩ ይሆን?›› ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው። ያቺን አንዲት ጥያቄ ያነሳ ሰው ስለ ትዳሩ ብቻ አልተናገረም፤ የልቡን ሁኔታ የሚያሳይ ምልክት ለሐኪሙ ሰጥቷል፤ ሐኪሙም በጊዜ እንዲደርስለት ዕድል ከፍቷል።